ቁመተ ረጅሟ ዶሚኒካ

የዶሚኒካ ስም ሲነሳ አስቀድሞ መጥራት ያለበት ነገር አለ። ይህች አገር ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አይደለችም። ያቺኛዋ ከሄይቲ ጋር አንድ ትልቅ ደሴት የምትጋራ፣ ስፓኒሽ የምትናገር፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ናት። ዶሚኒካ ግን ከእርሷ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቃ፣ በካሪቢያን ባሕር፣ በፈረንሳይ ሥር ባሉት በጓዴሎፕና በማርቲኒክ መካከል የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ስፋቷ 750 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአዲስ አበባን አንድ ተኩል እጥፍ ቢያህል ነው። ሕዝቧም 70 ሺህ ገደማ ነው። አጠራሩም ይለያል፤ ሰዎቿ ስሟን ሲጠሩ «ኒ» የምትለዋን ፊደል ጠበቅና ረዘም ያደርጓታል።

ስሙን ያወጣላት ኮሎምበስ ነው። መርከቦቹ በአጠገቧ ያለፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኅዳር 3 ቀን 1493 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዕለቱ እሑድ ስለነበረ የእሑድን ስም ሰጥቷት አለፈ። ከ485 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በኅዳር 3 ቀን፣ በ1978 ዶሚኒካ ከብሪታንያ ነጻ ወጣች። ነገር ግን ደሴቷ እሑድ ከመባሏ በፊት ስም ነበራት። ነባሮቹ የካሊናጎ ሰዎች «ዋይቱኩቡሊ» ይሏታል፤ «ቁመቷ ረጅም ነው» ማለት ነው።

ከሁለቱ ስሞች እውነተኛው ይኸኛው ይመስለኛል። ኮሎምበስ ያየው ቀኑን ነበር፤ ካሊናጎዎቹ ግን ያዩት ደሴቷን ነው። ስለ ዶሚኒካ ደኑም፣ ዝናቡም፣ የሕዝቡ ታሪክም፣ በባሕሯ የሚኖሩት ዓሣ ነባሪዎችም፣ የደረሰባት መከራም ቢነሳ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ቁመት ይመለሳል።

ከፍተኛው ተራራዋ ሞርን ዲያብሎቲን 1,447 ሜትር ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ቆላ ሊመስለው ይችላል። ልዩነቱ የእኛ ደጋ ቀስ በቀስ በአምባና በሜዳ የሚወጣ ሲሆን፣ የዶሚኒካ ተራራ ግን ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ወደ ደመና የሚገባ መሆኑ ነው። ደሴቷ ከሰሜን እስከ ደቡብ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትረዝምም መኪና በቀጥታ የሚሮጥበት ሜዳ የላትም። መንገዱ ሁሉ ይጠማዘዛል።

ይህ ሁሉ ተራራ ከየት መጣ? የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ ሳይሆን እጅግ በዝግታ በሚንቀሳቀሱ ግዙፍ ንጣፎች የተከፋፈለ ነው። በአፋር ንጣፎቹ እየተለያዩ ምድሩ ይሰነጠቃል። በካሪቢያን ምሥራቃዊ ጠርዝ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ከአትላንቲክ ወለል የሚመጣው ንጣፍ ከካሪቢያኑ ሥር እየገባ ይጠልቃል። ወደ ታች ሲወርድ በአለቱ ውስጥ የተያዘ የባሕር ውኃ ይዞ ይወርዳል። ይህ ውኃ በጥልቁ ከሙቅ አለት ጋር ሲገናኝ አለቱ በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደርገዋል። የቀለጠው አለት ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ እየተከመረም ደሴት ይሆናል። በዚያ መስመር ላይ ያሉት ደሴቶች ሁሉ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ሌሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አንድ እሳተ ገሞራ ሲኖራቸው በጠባቧ ዶሚኒካ ግን ወደፊት ሊነሱ ይችላሉ ተብለው የሚታሰቡ ዘጠኝ እሳተ ገሞራዎች ተፋፍገው ይገኛሉ።

እሳቱ ከሥር እንዳለ ምልክቱ በየቦታው ይታያል። ወተን ዋቨን በሚባለው መንደር ድኝ የሚሸት ጭቃ ይፈላል፤ ሰዎችም በፍል ውኃ ይታጠባሉ። በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ሻምፓኝ በተባለው የባሕር ዳርቻ፣ ከባሕሩ ወለል ሙቅ የጋዝ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ ዋናተኛው በአረፋው መካከል ከዓሣዎች ጋር ይዋኛል። ትራፋልጋር የሚባለው ቦታ ጎን ለጎን የሚወርዱ ሁለት ፏፏቴዎች አሉት፤ አንዱን አባት፣ ሌላውን እናት ይሏቸዋል። በአባትየው ሥር ከቀዝቃዛው ወራጅ አጠገብ ፍል ውኃ ይመነጫል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፈላው ሐይቅ ነው። ወደዚያ የሚወስደው ጉዞ የሚጀምረው ሎዳ ከተባለችው የተራራ መንደር ሲሆን መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መመለሻውም እንደዚያው። መንገደኛው መጀመሪያ በጥቅጥቅ ደን ያልፋል፤ ቀጥሎ ነፋስ የሚገርፈውን ሸንተረር ይወጣል፤ ከዚያ ወደ አንድ ሸለቆ ይወርዳል። በሸለቆው ውስጥ ደኑ በድንገት ያበቃል። ሣር እንኳ በወጉ አይበቅልበትም። መሬቱ ነጭ፣ ቢጫና ዝገት ቀለም ነው፤ ከስንጥቁ እንፋሎት ይፉጫል፤ ጅረቶቹ አንዱ እንደ ወተት፣ ሌላው እንደ ቀለም ጥቁር ሆነው ይፈስሳሉ። አስጎብኚዎች እንቁላል ይዘው መጥተው በፍል ውኃው ቀቅለው እንግዳውን ያበላሉ። ከዚያ አልፎ ጥቂት ከተሄደ በኋላ ገደል አፋፍ ላይ ይደረሳል፤ ወደ ታች ሲታይ የሚታየው እንፋሎት ብቻ ነው። ነፋሱ እንፋሎቱን ሲገልጠው 60 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ግራጫ ሐይቅ ይታያል፤ መሐሉም እንደ ጎላ ድስት ይንተከተካል። የዳርቻው ሙቀት ሲለካ ከ82 እስከ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። መሐሉ ዘንድ ማን ደርሶ ይለካል!

የእኛ ኤርታ አሌ ላይ የሚፈላው የቀለጠ አለት ነው፤ እዚህ ግን የሚፈላው የዝናብ ውኃ ነው። ሐይቁ የተቀመጠው እሳተ ገሞራ ጋዝ በሚተፋበት ቀዳዳ አናት ላይ ነው። ዝናብና ትንንሽ ጅረቶች ከላይ ይሞሉታል፤ ከታች የሚወጣው ትኩስ እንፋሎት ያፈላዋል። ይበልጥ የሚደንቀው ውኃው ወደ ታች ሰርጎ እንዳያልቅ ደግፎ የያዘው ያው እንፋሎት መሆኑ ነው። ግፊቱ ከቀነሰ ውኃው ይሰርጋል። በ2004 መጨረሻ ይኸው ሆነ፤ ሐይቁ ጎደለ፣ ቀዘቀዘም፤ በተከታዩ ዓመት ተመልሶ ሞላና መፍላቱን ቀጠለ። ሐይቁን የያዘው የሞርን ትሯ ፒቶን ብሔራዊ ፓርክ በ1975 ተከልሎ በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ቁመቱ ዝናብም ይጠራል። ከአትላንቲክ በኩል ዓመቱን ሙሉ የሚነፍሰው የንግድ ነፋስ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣና ከተራራው ጋር ይጋጫል። መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ያራግፋል። በመሐል አገሩ ተራሮች ላይ በዓመት ከ7,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና ማወዳደር ነው። ዋና ከተማዋ ሮዞ በተራራው ጀርባ በምዕራብ በኩል ስላለች የሚደርሳት በጣም ያነሰ ነው። የዶሚኒካ ሰዎች «ለዓመቱ ቀን ሁሉ አንድ አንድ ወንዝ አለን፤ 365 ወንዝ» ይላሉ። ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ፤ ነገር ግን ከድልድይ ወደ ድልድይ ሲያልፍ የዋለ መንገደኛ አይከራከርም።

ይህ ደንና ገደል ለእርሻ አስቸጋሪ ነው፤ ለሚሸሽ ሰው ግን አምባ ነው። አምባ ምን እንደሆነ እኛ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የዶሚኒካ ታሪክ የአምባ ታሪክ ነው።

አውሮፓውያን የካሪቢያንን ደሴቶች አንድ በአንድ ሲይዙ ነባሩ ሕዝብ በጦር፣ በበሽታና በባርነት አለቀ። ዶሚኒካ ግን ለስኳር አገዳ የሚሆን ሜዳ ስላልነበራት ብዙም አልቸኮሉባትም፤ ካሊናጎዎችም ተራራውን ተገን አድርገው ተዋጉ። በ1660 እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ዶሚኒካንና ሴንት ቪንሰንትን ለካሊናጎዎች ለመተው ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ አልተከበረም። በምዕራብ ጠረፍ ላይ ዛሬም ማሳክር፣ ማለትም «ጭፍጨፋ»፣ የምትባል መንደር አለች፤ በ1674 የእንግሊዝ ጦር በካሊናጎዎች ላይ ያደረሰውን እልቂት ስሟ ላይ ይዛ ቀርታለች። በመጨረሻ ደሴቷ በ1763 ለብሪታንያ ተሰጠች፤ የተረፉት ካሊናጎዎችም ነፋስና ማዕበል ወደሚበዛበት ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ተገፉ። በ1903 በዚያው 3,700 ኤከር፣ ወደ 15 ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ መሬት ተከለለላቸው። ዛሬ 3,000 ያህል ሰዎች ይኖሩበታል። መሬቱ የጋራ ነው፤ ማንም ግለሰብ ሊሸጠው አይችልም። ይህ ሕዝቡን ከመበተን አድኖታል። በሌላ በኩል መሬቱን ለባንክ ማስያዝ ስለማይቻል ቤት ለመሥራት ብድር ማግኘት ሲያስቸግራቸው ኖሯል።

ለረጅም ዘመን ቅኝ ገዢዎች «ካሪብ» ብለው ሲጠሯቸው ቆይተው በ2015 በሕግ የራሳቸው ስም ካሊናጎ ጸናላቸው። በ2023 ደግሞ ከዚህ ሕዝብ የተወለዱት ሲልቫኒ በርተን የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከካሊናጎ የመጀመሪያው፣ ከሴቶችም የመጀመሪያዋ ናቸው። ቋንቋቸው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ከዕለት ተዕለት ንግግር ጠፍቷል። የእጅ ሥራቸው ግን አልጠፋም።

የላሩማ ቅርጫታቸውን ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ላሩማ በእርጥብ መሬት የሚበቅል እንደ ሸምበቆ ያለ ተክል ነው። ይቆረጣል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ከዚያ በቢላዋ እየተሰነጠቀ እንደ ቀጭን ሪባን ይሆናል። በፀሐይ ሲደርቅ ውጩ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ይይዛል፤ የውስጡ ገጽ ሲፋቅ ነጣ ይላል፤ ለጥቁሩ ደግሞ ስንጥሮቹ በጭቃ ውስጥ ተቀብረው ይሰነብታሉ። ሦስቱም ቀለም የሚገኘው ከፀሐይ፣ ከቢላዋና ከጭቃ ብቻ ነው። የእኛ እናቶች አክርማና ስንደዶ በወስፌ እያዞሩ መሶብ ይሰፋሉ፤ እዚያ ግን ወስፌ የለም፣ ስንጥሮቹ አንዱ በሌላው ሥር እየገባ ይጎነጎናል። ጥሩ ቅርጫት ድርብ ግድግዳ አለው፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ሰፋፊ ቅጠል ይነጠፍበታል፤ ዝናብ አያስገባም። በዚያ ዝናብ በሚበዛበት አገር ጌጥ ሳይሆን የኑሮ ብልሃት ነው። ካሳቫንም በጥንቱ መንገድ ይጋግራሉ። መራራው ካሳቫ መርዝ አለው፤ ስለዚህ ሥሩ ተፈቅፍቆ ጭማቂው እስኪወጣ ይጨመቃል፤ የቀረው ዱቄት በትልቅ የጋለ ምጣድ ላይ ይጋገራል። እንሰትን ፍቆ፣ ጨምቆና አብላልቶ ቆጮ ለሚጋግር ሕዝብ ይህ ድካም እንግዳ አይሆንም።

ተራራው ሁለተኛም ሕዝብ አስጠልሏል። ከአፍሪካ በባርነት የመጡት ሰዎች ከእርሻ እያመለጡ ወደ መሐል አገሩ ደን ይገቡ ነበር። ማሩን ይባላሉ። በጫካው ውስጥ መንደር መሥርተው፣ ማሳ አርሰው፣ አለቃ ሾመው ኖሩ። ባላ፣ ፋርሰልና ጃኮ የተባሉት አለቆች ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። የቅኝ ገዢው ጦር በ1780ዎቹ አጋማሽ አንድ ጊዜ፣ በ1810ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሌላ ጊዜ ዘመተባቸው። ባላ በመጀመሪያው ዘመቻ ሞተ፤ ጃኮ ከአርባ ዓመት በላይ በጫካ ኖሯል ይባላል፤ በ1814 እየተዋጋ ወደቀ።

በ1802 ደግሞ በሰሜኑ የካብሪትስ ልሳነ ምድር፣ ሸርሊ በተባለው ምሽግ ውስጥ፣ ሌላ ነገር ሆነ። ብሪታንያ አፍሪካውያንን በባርነት ገዝታ ወታደር አድርጋቸው ነበር። የስምንተኛው የዌስት ኢንዲያ ክፍለ ጦር ወታደሮች ወደ አገዳ እርሻ ሊሸጡን ነው የሚል ወሬ ሲሰሙ አምጸው ምሽጉን ያዙ። ለሦስት ቀን ከያዙት በኋላ ተሸነፉ፤ ብዙዎችም ተገደሉ። ነገሩ ግን በዚያ አልተዘጋም። በ1807 ብሪታንያ በሠራዊቷ ውስጥ የነበሩትን በባርነት የተያዙ ወታደሮች በሙሉ፣ 10,000 ያህል ሰዎች፣ ነጻ አወጣች። ምሽጉ ዛሬ ታድሶ ይጎበኛል። መድፎቹን ብቻ አይቶ የሚመለስ እንግዳ ብዙ ነው፤ የእነዚህን ወታደሮች ነገር ጠይቆ መመለስ ይሻላል።

ሦስተኛው ሽሽት እኛንም ይነካል። በ1970ዎቹ ጸጉራቸውን አጎፍረው በራስ ተፈሪያን እምነት የተሳቡ ወጣቶች የከተማውን ኑሮ ትተው ወደ ተራራው እርሻ ወጡ። «ድሬድ» ይባሉ ነበር። በተወሰኑ ወንጀሎች ምክንያት ፍርሃት ነገሠና መንግሥት በ1974 አንድ ሕግ አወጣ፤ የእነዚህ ወጣቶች ማኅበር አባል በሕገ ወጥ መንገድ ሰው ቤት ገብቶ ቢገኝ፣ የገደለውም ሆነ ያቆሰለው ሰው በሕግ አይጠየቅም የሚል ነበር። በኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት በዚያው ዓመት፣ ስማቸውን የእምነታቸው ስም ያደረጉ ወጣቶች በሩቅ ደሴት ደማቸው ከንቱ እንዲሆን ታወጀ። ሕጉ በኋላ ቢሻርም በዶሚኒካ ሽማግሌዎች ዘንድ ያ ዘመን አልተረሳም። ይህን ታሪክ ከጎብኚዎች መጽሔት ላይ ማንም አያገኘውም፤ እኔ ግን ያለ እርሱ ስለ ዶሚኒካ ባህል ማውራት ትክክል አይመስለኝም።

የተራራው ቁልቁለት ባሕር ሲደርስ አያበቃም። በውኃው ሥርም እንደዚያው ይወርዳል፤ ከምዕራብ ጠረፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተቀዘፈ ጥልቀቱ ከአንድ ሺህ ሜትር ያልፋል። ጥልቀትና ከነፋስ የተከለለ ጸጥተኛ ውኃ አንድ ላይ ስለተገኙ፣ ጥርስ ካላቸው ዓሣ ነባሪዎች ሁሉ የሚገዝፈው ስፐርም ዓሣ ነባሪ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ይኖራል። ሴቶቹና ልጆቹ ከደሴቷ አካባቢ አይርቁም፤ ወንዶቹ ግን ሲጎረምሱ ወደ ቀዝቃዛ ውቅያኖስ ይሄዳሉ። ስለዚህ ቤተሰቡ የሴቶች ነው፦ አያት፣ እናት፣ አክስት፣ ልጅ። እናት ምግብ ፍለጋ ስትጠልቅ ልጇ ተከትሏት ሊጠልቅ አይችልም፤ ሌላዋ ከላይ ሆና ትጠብቅላታለች። የጎረቤት ሞግዚትነት ማለት ነው።

ከ2005 ጀምሮ እነዚህን ቤተሰቦች በስም እየለዩ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አንድ ትልቅ ነገር ደርሰውበታል። እንስሳቱ የሚነጋገሩት በምት ነው። የምሥራቅ ካሪቢያን ዓሣ ነባሪዎች መለያ የሆነው ምት እንዲህ ነው፦ ጠቅ፣ ቆየት ብሎ ጠቅ፣ ከዚያ በፍጥነት ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ። ግልገሎች ይህን ምት ይዘው አይወለዱም፤ መጀመሪያ እየተሳሳቱ ይሞክሩታል፤ ከታላላቆቻቸው ሰምተው ይማሩታል። ቀበልኛ አላቸው ማለት ነው። በኅዳር 2023 የዶሚኒካ መንግሥት 800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ባሕር ለእነርሱ መጠበቂያ እንዲሆን አስታወቀ፤ ለዚህ ዝርያ ተብሎ ሲከለል በዓለም የመጀመሪያው ነው። ከየብሷ የሚበልጥ ስፋት ለዓሣ ነባሪ የሰጠች አገር ናት። ትልልቅ መርከቦች እንዳይገጯቸው በተወሰነ መስመር እንዲሄዱ ማድረግም የውሳኔው አካል ነው። ጥቅሙ ለእንስሳቱ ብቻ አይደለም፤ ዓሣ ነባሪው ከጥልቁ በልቶ ላይ ሲጸዳዳ ኩሱ በውኃው ገጽ ላሉ ደቂቅ ዕፅዋት ማዳበሪያ ይሆናል፤ ዕፅዋቱም ካርቦን ይመጥጣሉ።

ስለ ቋንቋና ስለ ሙዚቃ ባጭሩ ልለፍ። መንግሥቱ በእንግሊዝኛ ይሠራል፤ በቤትና በገበያ ግን ከፈረንሳይኛና ከአፍሪካ ቋንቋዎች የተወለደው ክሪዮል ይሰማል። ጂንግ ፒንግ የሚባለው የገጠር ሙዚቃ አኮርዲዮን፣ ከበሮ፣ የሚፋቅ መሣሪያና ከቀርከሃ የተሠራ ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ አለው። በ1970ዎቹ ካዳንስ-ሊፕሶ፣ ከዚያም ቡዮን የተባሉት ስልቶች ከዚህች ትንሽ አገር ወጥተው ካሪቢያንን አዳርሰዋል። ከ1997 ጀምሮ በጥቅምት መጨረሻ የክሪዮል ሙዚቃ ፌስቲቫል ይደረጋል፤ በዚያው ሰሞን ሕዝቡ ማድራስ የሚባለውን ባለ ቀለም ጨርቅ ለብሶና ራሱ ላይ አስሮ ይወጣል።

ምግባቸው ግን አንድ የሚያሳዝን ታሪክ ይነግረናል። «የተራራ ዶሮ» የሚባለው ብሔራዊ ምግባቸው ዶሮ አልነበረም፤ ግዙፍ እንቁራሪት ነበር። በዓለም ላይ የሚገኘው በዶሚኒካና በሞንትሰራት ብቻ ነው። በ2002 የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ ገባና በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹን ፈጀ። አደኑ ተከለከለ፤ በ2013 ብሔራዊ ምግቡ ካላሉ በሚባል የቅጠል ሾርባ ተተካ። ቅጠሉ የጎደሬ ቅጠል ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

እስካሁን ተራራው የሰጠውን አወራሁ። ተራራው የሚነሳውም አለ። ዳገት ላይ ብዙ ዝናብ በአንድ ጊዜ ሲወርድ አፈሩ ይጠግባል፣ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል። በነሐሴ 2015 ኤሪካ የተባለው ማዕበል ነፋሱ ያን ያህል አልነበረም፤ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ የወረደው ዝናብ ዳገቶቹን ናደ፤ 30 ያህል ሰዎች ሞቱ ወይም የገቡበት ጠፋ። በደቡብ ምሥራቅ ያለችው የፔቲት ሳቫን መንደር ነዋሪዎች በሙሉ መንደራቸውን ለቅቀው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደረገ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማሪያ መጣ። አውሎ ነፋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው፤ ባሕሩ በሞቀ ቁጥር የሚተንነው ውኃ ይበዛል፤ ትነቱ ወደ ዝናብ ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት ነፋሱን ያፋጥነዋል። ማሪያ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ከመለስተኛ አውሎ ነፋስ ወደ ከፍተኛው አምስተኛ ደረጃ አደገ። መስከረም 18 ቀን 2017 ማታ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚነፍስ ነፋስ ደሴቷን መታ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሩዝቬልት ስኬሪት ራሳቸው በዚያች ሌሊት የቤታቸው ጣሪያ እንደተነሳና ቤታቸውን ውኃ እንደሞላው በማኅበራዊ ሚዲያ እየጻፉ ነበር፤ በኋላ ሰዎች ደርሰው አወጧቸው። ጠዋት ሲነጋ አረንጓዴዋ ደሴት ቡናማ ሆና ተገኘች። ዛፎቹ ቅጠል አልቀረላቸውም፤ ከሕንፃዎቹ አብዛኞቹ ጣሪያቸውን አጥተዋል። 65 ሰዎች ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። የጉዳቱ ዋጋ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ፤ አገሪቱ በዓመት ከምታመርተው ሁሉ 226 በመቶ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዕዳ ለመክፈል ሕዝቡ ሁለት ዓመት ከሩብ ያህል ምንም ሳይበላ መሥራት አለበት።

ግፉ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ዓለምን ባሞቀው ጭስ ውስጥ የ70 ሺህ ሰው ድርሻ ከምንም አይቆጠርም። እንዲያም ሆኖ ዶሚኒካ ከአደጋው ማግስት የአየር ንብረት ለውጥን የምትቋቋም የመጀመሪያዋ አገር እሆናለሁ ብላ ተነሳች፤ የቤት አሠራር ደንቧን አጠበቀች፤ ከሎዳ አጠገብ ያለውን የምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለማድረግም ስትሠራ ቆይታለች። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚል፣ ከ1993 ጀምሮ ለውጭ ባለሀብቶች ዜግነት በክፍያ ትሰጣለች፤ የመንግሥት ገቢ ትልቁ ክፍል ከዚያ ነው። ቀድሞ አገሩን ያኖረው የሙዝ ንግድ በ1990ዎቹ የአውሮፓ ልዩ የገበያ ዕድል በዓለም ንግድ ድርጅት ክርክር ሲፈርስ ተዳክሟል።

አደጋው ሰውን ብቻ አልጎዳም። በባንዲራዋ መሐል የተሳለው ሲሰሩ የተባለ በቀቀን ደረቱ ሐምራዊ ነው፤ ሐምራዊ ቀለም ያለበት የአገር ባንዲራ በዓለም ላይ እምብዛም አይገኝም። ወፉ ከዶሚኒካ ተራራ በቀር በየትም አይኖርም። የሚፈለፍለው በአሮጌ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው፤ የሚወልደውም ጥቂት ነው። ማሪያ አሮጌዎቹን ዛፎች ስለጣለ ቁጥሩ አሽቆልቁሏል። ደኑ ቅጠሉን መልሷል፤ እንዲህ ያለ ዛፍ ግን በአንድ ትውልድ አያድግም።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው፦ ደረቁ ወራት ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፤ የአውሎ ነፋሱ ወራት ከሰኔ እስከ ኅዳር። ነጭ አሸዋ ያለው ረጅም የባሕር ዳርቻ የሚሻ ሌላ ደሴት ይምረጥ፤ የዚህኛዋ አሸዋ በአብዛኛው ጥቁር ነው። ወደ ፈላው ሐይቅ የሚያደርስ የኬብል መኪና ግንባታ ተጀምሯል፤ ጎብኚ እንደሚያበዛ አልጠራጠርም፣ ነገር ግን የሦስት ሰዓቱን መንገድ የሚያስቀር ሰው ሐይቁን ግማሹን ብቻ እንዳየ እቆጥረዋለሁ። መራመድ ለሚችል ዋይቱኩቡሊ የተባለው በ2011 የተከፈተ የእግር መንገድ አለ። ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን 185 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በ14 ክፍል ተከፍሏል፤ ካሊናጎዎችና ማሩኖች የሄዱባቸውን የጥንት መንገዶች ተከትሎ የሚሄድበት ቦታ አለ።

በመሐል አገሩ ደግሞ የጃኮ ደረጃዎች የሚባሉት አሉ። አለቃው ጃኮና ሰዎቹ ወደ ካምፓቸው ለመውጣት ከወንዙ ዳር ከገደሉ ላይ የጠረቧቸው ናቸው። እያንዳንዱ ደረጃ ከተለመደው ደረጃ እጅግ ይረዝማል፤ ጠባብም ነው፤ የሚወጣ ወታደር ተራ በተራ፣ እግሩን እያነሳ፣ ትንፋሽ እያጠረው እንዲመጣ ታስቦ ነው ይባላል። ዛሬም እንግዳ ሲወጣበት ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ፣ የዛፍ ሥር እየያዘ ነው። ደረጃው በጭቃና በድንጋይ ሽበት ተሸፍኗል፤ ከላይ የሚጠብቅ ግን ማንም የለም፤ የማሩኖቹ ማሳ የነበረበት ሜዳ ብቻ ነው ያለው።